ስክሪፕታችሁ ሌሊት የሚለውን ማን ይስማው?

ባሕር ዳር ላይ የሆቴል ሲስተም የምትይዙ ልጆች ይቺን ታውቋታላችሁ። የባካፕ ስክሪፕቱን (የሆቴሉን መረጃ ቅጂ የሚያስቀምጠውን የትእዛዝ ፋይል) በእጅ ራን ስታደርጉት ጥርት አድርጎ ይሠራል። ክሮን ላይ (ሰርቨሩ ላይ ሥራን በቀጠሮ ሰዓት በራሱ የሚያስነሣው ፕሮግራም ላይ) ስታስገቡት ግን ድምፁ ይጠፋል። ተናግሮ ነበር እኮ፣ ሰሚ አጥቶ ነው እንጂ።

ክሮን ስክሪፕቱ ያወጣውን ሁሉ ሰብስቦ ለክሮንታቡ (የቀጠሮው ሰዓትና ትእዛዝ የሚጻፍበት ፋይል) ባለቤት በኢሜይል ይልካል። ሰርቨሩ ላይ ኢሜይል ላኪ ፕሮግራም ከሌለ ግን አውትፑቱ ይጣላል። ስለዚህ የት እንደሚገባ ራሳችሁ ንገሩት። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ስትተይቡ ወደ ላቲን ፊደል መልሷቸው።) ክሮንታቡ መስመር መጨረሻ ላይ ይሄን ጨምሩ፦

>> ~/ባካፕ.ሎግ 2>&1

ሁለት ቀስት ከፋይሉ (ከሎጉ፣ ማለትም ስክሪፕቱ ያለው ከሚመዘገብበት) ጫፍ ይቀጥላል። አንድ ብቻ ካደረጋችሁ የትናንቱ ይደመሰሳል። 1 መደበኛው አውትፑት ነው፣ 2 ኤረሩ። የመጨረሻዋ ቁራጭ «2ም 1 ወደሚሄድበት ይሂድ» ማለት ናት። ቅደም ተከተሏ ግን ቀልድ አያውቅም። 2>&1ን ከቀስቱ ካስቀደማችሁ፣ ሼሉ (ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ፣ ያን ጊዜ 1 ገና ወደ ፋይሉ አልዞረም፤ 2 የድሮውን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል፣ ኤረሩም ሎጉ ውስጥ አይገባም። ሎጉን ከፍታችሁ «ሰላም ነው» ትላላችሁ። ሰላም አይደለም።

ኢሜይሉ ሰልችቷቸው ሁሉንም ወደ /ዴቭ/ነል (የገባበት ሁሉ የሚጠፋበት ጉድጓድ) የሚወረውሩ አሉ። ለኔ ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ፔንሲዮን አስቡ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሣ፣ የባካፑ ዲስክ ግን ማውንት ሳይሆን (ከሲስተሙ ጋር ሳይያያዝ) ቀረ። ስክሪፕቱ በየሌሊቱ «ቦታው የለም» እያለ ይጮኻል፣ ጩኸቱ ነል ውስጥ ይገባል። ሪሰርቬሽኑ የጠፋ ቀን፣ ያውም በጥምቀት ሰሞን እንግዳ በሞላበት፣ ባካፕ ሲፈለግ የለም። ኢሜይሉ የሚሠራላችሁ ከሆነ 1ን ብቻ ወደ ሎግ ልካችሁ 2ን ተዉት። ኤረር ሲኖር ብቻ መልእክት ይደርሳችኋል።

በእጅ ስታስኬዱት ግን ሰው አፍጥጦ እያየ ነው። «12 ከ40 ተገልብጧል» የሚል ነገር ይፈልጋል። ስክሪፕቱ ራሱ ይጠይቅ፦ [ -ቲ 1 ] እውነት ከሆነ አውትፑቱ ተርሚናል ላይ ነው፣ ቀለሙንም ፐርሰንቱንም አሳዩ። ካልሆነ ከላይ አናቱ ላይ ኤግዜክ >> ሎግ 2>&1 በሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ፋይል ውስጥ ይገባል። ስክሪንም ፋይልም ካማራችሁ ባለ ሦስት ፊደሉ ቲ (ቲ-ኢ-ኢ፣ የተቀበለውን ለሁለቱም የሚያደርስ ትእዛዝ) አለላችሁ፤ ፓይፑ (የስክሪፕቱን አውትፑት ለቲ የሚያቀብለው | ምልክት) ግን የራሱን የቲን ውጤት እንጂ የስክሪፕታችሁን ውድቀት አይነግራችሁም፣ ባሽ የሚባለው ሼል ላይ ሴት -ኦ ፓይፕፌይል ጨምሩበት።

ሎጉ ላይ ቀንና ሰዓት ይኑር። ዴትን (ቀንና ሰዓት የሚያወጣውን ትእዛዝ) እዚያው ክሮንታቡ ውስጥ ከጻፋችሁ % ፊት \ አድርጉ፣ አለዚያ ክሮን እንደ አዲስ መስመር ይቆጥራታል። ሰዓቱንም ልብ በሉ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለክሮን 2 ነው፣ ሰርቨሩ ዩቲሲ ላይ (ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ላይ) ከሆነ ደግሞ 23፣ ያውም የዋዜማው።