ኮርኒስ ላይ ኢንሱሌሽን (ሙቀት መከላከያ) በራስ እጅ ለመዘርጋት ስንት ቀን ይፈጃል?

ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ማታ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር የገባሁበት። የጨረስኩት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ሥራው ያን ያህል ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ስላላወቅኩ ነው። ጥጥ የመሰለውን የመስታወት ሱፍ (ከመስታወት ክር የሚሠራ) መዘርጋት ማንም ይችለዋል። ጊዜ የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ጣጣ ነው፦ ዕቃ ማውረድ፣ አቧራ መጥረግ፣ ቀዳዳ መድፈን፣ መለካት፣ ያንን ሁሉ ጥቅልል በጠባቧ የኮርኒስ በር አጉብጦ ማሳለፍ።

ግድግዳውን ለጊዜው እርሱት። ወይ ከውስጥ ማፍረስ ወይ ከውጭ መሸፈን ይጠይቃል። ከኮርኒስ በላይ ግን ክፍት ነው፣ ብዙ ሙቀት የሚወጣውና የሚገባውም በዚያ ነው፣ ስለዚህ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ለማጽዳት ነው። ቤቱ አሮጌ ከሆነና እላይ ልቅ ጠጠር የመሰለ ነገር ወይም አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩት ሰሌዳ ካገኛችሁ ግን አትንኩት። ውረዱ፣ በሩን ዝጉ፣ የሚመረምር ባለሙያ ጥሩ። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቀን የቀዳዳ ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። እነዚህ ቁሶች ሙቀት የሚከላከሉት በውስጣቸው ቆሞ በቀረው አየር ነው። ከሥር ንፋስ እየገባ ከሆነ ሳሳ ያለ ሹራብ ለብሶ ንፋስ ላይ እንደመቆም ነው። ሽቦና ቧንቧ የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች፣ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙባቸውን ስንጥቆች ፈልጉ። ቀድሞ የተነጠፈ አሮጌ ኢንሱሌሽን ካለ ደግሞ የጠቆረውን ቦታ እዩ፤ የሚያልፈው አየር አቧራውን እዚያ እየተወ ስለሚሄድ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው። ጠባቡን በሲሊኮን፣ ሰፋ ያለውን በጣሳ በሚሸጠው የሚያብጥ ፎም ድፈኑት። የጭስ ማውጫ አጠገብ ግን ተራ ፎም አይሆንም፤ እዚያ ቆርቆሮና ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ነው የሚገባው። እኔ ይሄን ሥራ ሁለት ሰዓት ሰጥቼው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

ስለ ጉልበት እንነጋገር። ቀኑን ሙሉ ወይ ተንበርክካችሁ ነው ወይ ጎንበስ ብላችሁ። በማግስቱ የሚያማችሁ ክንድ ሳይሆን ጉልበትና ወገብ ነው፣ ስለዚህ የጉልበት መከላከያ አድርጉ። ፀሐይ ጣሪያውን ሳትይዘው በማለዳ ግቡ፤ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮ ሥር መቆየት አይቻልም። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽርና ኤን95 ዓይነት፣ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ማስክ ልበሱ። ቆዳችሁን ሲበላችሁ አትከኩት፣ ክሩ የባሰ ይገባል። በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፣ የሥራ ልብሳችሁንም ለብቻው እጠቡት።

ሞራሌውን፣ ማለትም ኮርኒሱን የያዘውን እንጨት፣ ብቻ ርገጡ! ኮርኒሱ ሰው አይችልም። ሁለት ሦስት ሞራሌ የሚያገናኝ ጠንካራ ጣውላ አጋድማችሁ እሱ ላይ ሥሩ። እኔ አንዴ ጣውላውን ማንሳት ሰነፍኩና ወንድሜ አንድ እግሬን ሳሎን ውስጥ ተንጠልጥሎ አየው። እሱን መጠገን ሌላ ግማሽ ቀን።

አሁን ዝርጋታው። የእኔ ኮርኒስ 50 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሁለት ሆነን በአንድ ቀን አለቀ፤ አንዱ ከታች ይቆርጣል፣ አንዱ ከላይ ያነጥፋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ መውጣት መውረዱ ራሱ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። በሞራሌዎቹ መካከል ያለውን ስፋት ለኩና ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፣ ያኔ ሳይሸሽ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክታችሁ ሁሉንም አትቁረጡ፣ እንጨቶቹ እኩል አይራራቁም። ለመቁረጥ ጣውላ ጫን አድርጋችሁ በረጅም ባለጥርስ ቢላ ማስኬድ ነው። 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን 10 ሴንቲሜትር ቦታ ውስጥ ጠቅጥቆ ማስገባት ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ አየሩ ሲወጣ ጥቅሙም አብሮ ይወጣል።

ሁለተኛውን ንብርብር በመጀመሪያው ላይ አግድም ዘርጉት፣ እንጨቱም እንዲሸፈን። እንጨት ሙቀት የሚያሳልፈው ከመስታወት ሱፍ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለሁለተኛው ንብርብር ወረቀት ወይም ፎይል የሌለውን ግዙ፣ አለዚያ እርጥበት መሃል ላይ ይታፈናል። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያሉትን የአየር መግቢያዎች አትድፈኑ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ተዉላቸው። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ የሚግሉ መብራቶችንም አትሸፍኑ። ሽቦ ካለ ከላይ ይሁን፣ ከሥር ተቀብሮ እንዳይግል።

በመጨረሻ የኮርኒሷ በር አለች። ክዳኗ ላይ የተቆረጠ ፎም ማጣበቅ፣ ዙሪያዋን ጎማ መለጠፍ፣ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ያስታወስኩት የተዋስኩትን መሰላል ከመለስኩ በኋላ ነበር።