ኪችን ውስጥ ቁርስ መብያ ጥግ ለምታሰሩ የድሬ ሰዎች

ኪችናችሁ ጥግ ላይ ቁርስ መብያ ልትሰሩ ካሰባችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጀሪካን አቁሙ። ባለ 20 ሊትሩ መቼም ከቤት አይጠፋም፣ አራቱን ጠረጴዛው የሚያርፍበት ቦታ በየጥጉ አቁሙና ሁለት ቀን እንደዛው ኑሩ፣ ፍሪጁን ክፈቱ፣ ትሪ ይዛችሁ እለፉ፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ እዩ። ካደናቀፋችሁ ቦታው ጠቧል ማለት ነው፣ ጠረጴዛውን ቀንሱት። ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ኋላ ሌላ ሰው የሚያልፍ ከሆነ ቢያንስ 75 ሳንቲም፣ ከተቻለ 90 ክፍት ቦታ ተዉ።

ከዛ ቁመት። ሰው ሁሉ ስለ ከለር ይጨነቃል፣ ወገብ የሚያሳምመው ግን ቁመት ነው። መቀመጫው 45 ሳንቲም አካባቢ፣ ጠረጴዛው 75 ይሁን፣ መሃል ላይ 30 ገደማ ሲቀር ጉልበት በደንብ ይገባል። ስፖንጅ ያለው ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ስለሚል የምትለኩት ተቀምጣችሁበት ነው። እኛ ቤት ይሄን ሳናውቅ 52 ሳንቲም ከፍታ ያለው አግዳሚ አሰርተን እናቴ እግሯ መሬት አልደርስ ብሎ ሻይዋን እንደያዘች ጠርዙ ላይ ብቻ ነበር የምትቀመጠው፣ ሳያት ሆዴን ይበላኝ ነበር፣ በኋላ እግሩን 7 ሳንቲም አስቆረጥነውና አሁን ወደ ግድግዳው ተደግፋ ነው ፈጢራዋን የምትበላው።

አሁን ዋናው ነገር። በግድግዳው በኩል ያለውን መቀመጫ አትግዙት፣ በብሎኬት አስገንቡት። ሐረር «ጌ ጋር» የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት የገባ ሰው ነደባን ያውቀዋል፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሰራ ከፍ ያለ መቀመጫ ሆኖ ምንጣፍና ትራስ ተደርጎበት ቤተሰቡም እንግዳውም የሚቀመጥበት፣ ታዲያ እኛ ጎረቤት ሆነን ለምን ከሩቅ ሶፋ እናስመጣለን? ሁለት ረድፍ ብሎኬት ከነስሚንቶው 42 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፣ ሴራሚክና ቀጭን ፍራሽ ሲጨመርበት ልክ ይሆናል። ጥልቀቱ 45፣ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲም ወርድ አስቡ። ላዩን ወደ ፊት ትንሽ አስወጡት፣ ለመነሳት ተረከዝ ወደ ኋላ የሚገባበት ያስፈልጋል። ብሎኬት ምስጥ አይበላውም፣ በሙቀትም ቀዝቀዝ ይላል። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ወይም ተከራይ ከሆናችሁ ግን ክብደቱም ማፍረሱም ችግር ስለሆነ በዛው ልክ በብረት ቱቦላሬ አስበየዱት።

ፍራሹን ሌዘር አታልብሱት አቦ! ሐረር ወይና ደጋ ስለሆነ ይቻል ይሆናል፣ ድሬ ግን በግንቦትና በሰኔ ጭን ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ጨርቅ፣ ዚፕ ያለው፣ ፉል ሲፈስበት ወልቆ የሚታጠብ።

ጠረጴዛው መሃል ላይ ባለ አንድ እግር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጥግ የተቀመጠ ሰው ተንሸራቶ ሲወጣ አራት እግር ያለው ጉልበቱን ይመታዋል። ስትገዙ ግን ጠርዙን በእጃችሁ በደንብ ተጫኑት፣ ከተነሳ ስሩ ጠቧል፣ ተዉት። ለአራት ሰው ክብ ከሆነ ከ90 እስከ 100 ሳንቲም ይበቃል፣ እንደኛ ከአንድ ትሪ ለሚበላ ደግሞ ክብ ላይ ሁሉም እኩል ይደርሳል። ቺፕውድ ከሆነ ጠርዙ በደንብ ያልታሸገውን አትውሰዱ፣ ውሃ ሲገባው ያብጣል። ዋንዛ ዋጋው ከበድ ይላል ግን አቅም ካለ እሱን ነው የምለው፣ ገንዘባችሁን መቀመጫው ላይ ቆጥባችሁ እዚህ ላይ አውጡት። በክፍቱ በኩል በርጩማ ይበቃል፣ ስትጨርሱ ከጠረጴዛው ስር ትገፉታላችሁ።

እና ብሎኬቱ ሳይለሰን ለቬንትሌተር የሚሆን ሶኬት አስወጡ፣ ከመቀመጫው በላይ፣ ገመዱ በሰው እግር መሃል እንዳያልፍ።