ከደጀን አፋፍ ወደ ዓባይ፦ አምባን እንዴት መለየትና መለካት ይቻላል?

አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ሆኖ ከአካባቢው ተነጥሎ የቆመ መሬት አምባ ነው። በአሜሪካ በረሃዎች እንዲህ ያለውን ሜሳ ይሉታል፤ አናቱ ከቁመቱ ሲጠብ ደግሞ ቢዩት። ጎጃም በረሃ ባይሆንም አሠራሩ አንድ ነው፦ ጠንካራ ድንጋይ ከላይ ይከድናል፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳው እየተሸረሸረ ሲሄድ ክዳኑ እየተቆረሰ ይናዳል።

መጀመሪያ አንገቱን፣ ማለትም ከደጋው ጋር የሚያገናኘውን ጠባብ መሬት፣ ይፈልጉ። ከደጋው ሜዳ ሳይወርዱ በእግር የሚደረስበት ከሆነ የደጋው ቅጥያ እንጂ አምባ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊት ሲታይ ተነጥሎ የቆመ ይመስላልና። 1:50,000 ካርታ ካለዎት (1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው) ከገደሉ ግርጌ አጠገብ ያለውን የከፍታ መስመር በጣትዎ ይከተሉ። ዞሮ ከተዘጋ የተነጠለ ነው፤ ወደ ደጋው ከቀጠለ አይደለም። የአናቱን መስመር ግን አይመኑ፤ ትንሽ ጉብታም ዞሮ የተዘጋ መስመር አለው።

ስምም ያሳስታል። «አምባ» ሰፈርና መንደርም ስለሆነ ስሙ ያለበት ቦታ ሁሉ ገደላማ አይደለም። ጮቄም ከሩቅ አናቱ ሰፊ ቢመስልም የጥንት እሳተ ገሞራ ነውና ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ ዙሪያውን በገደል አልተከበበም።

ከደጀን ቁልቁል ሲያዩ ድርብርቡን ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፦ ጥቁር ባዛልት በእርከን፣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ ተዳፋት የሚሠራው ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። ገደል የሚሆነው ጠንካራው ነው፣ ተዳፋት የሚሆነው ለስላሳው። ክረምት ከወጣ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ በማለዳ ወይም በሠርክ ፀሐይ ቢሄዱ ጥላው እርከኑን አጉልቶ ያሳያል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አንድ ግድግዳ ይመስላል።

የገደሉ ግርጌ በናዳ ከተሸፈነ ቁመቱን ከሁለት ቦታ ይለኩ። አዝመራው የተነሳለት ደልዳላ ማሳ ያግኙ (ባለቤቱን አስፈቅደው)። በስልክዎ የማዕዘን መለኪያ የአናቱን ጫፍ አነጣጥረው 30 ዲግሪ ካገኙ፣ በዚያው መስመር ወደ ገደሉ 50 ሜትር ይጠጉና ደግመው ይለኩ። 45 ዲግሪ ካሳየ፣ 50ን ለሁለቱ ማዕዘኖች ኮታንጀንት (1 ለታንጀንት ሲካፈል) ልዩነት ያካፍሉ፦ 50 ÷ (1.732 − 1) = 68 ሜትር ያህል። የዓይንዎን ከፍታ፣ 1.5 ሜትር ገደማ፣ ይጨምሩበት። ይህ የሚነግርዎ አናቱ ከቆሙበት ማሳ ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ የገደሉን ብቻ ከፈለጉ የናዳውን ከፍታ ይቀንሱ።

30ውን 31 ብለው ቢያነቡ 68ቱ 75 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማዕዘን ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀትም ማሳው እስከፈቀደ ያስረዝሙት፣ ልዩነቱ ሲሰፋ ስህተቱ ይጠባል። ሁለቱ ቦታዎች እኩል ከፍታ ላይ ካልሆኑ ግን ስሌቱ ዋጋ የለውም።

ለመውጣት ካሰቡ በሩን፣ ማለትም ገደሉን የሚያስወጣውን መንገድ፣ የአካባቢውን እረኞች ይጠይቁ። ዝናብ በዘነበ ማግስት አፋፉ ላይ አይቁሙ፤ የተሰነጠቀው ባዛልት ከሥሩ ያለው አፈር ሲርስ ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል።