የዕድሮች ኅብረት ስንመሠርት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ላይ የየወረዳውን ዕድር አስተሳስሮ አንድ ኅብረት ማቆም ወረቀት ላይ ቀላል ነው። መንዝ፣ መርሐቤቴ፣ ቀወት፣ አንኮበር እያሉ መጻፍ ነው። ጣጣው መሪ ሲፈለግ ይመጣል። እኔም በጸሐፊነት ስዞር ከርሜ፣ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች በአብዛኞቹ እጄ አለበት።

ትልቁ ስህተት ጎበዙን የዕድር ዳኛ፣ ሰብሳቢውን፣ ከመንደሩ መንጠቅ ነው። ለዞን ኮሚቴ ሰው ሲፈለግ ዓይናችን የሚያርፈው ያው ሰው ላይ ነው፤ ሲናገር የሚደመጥ፣ ሒሳቡ የማይዛነፍ። ከአንድ የመንዝ ቀበሌ እንዲህ ያለውን አመጣን፤ ደስም አለን። ከስድስት ወር በኋላ መንደሩ ስንወርድ የዕድሩ መዝገብ የቆመው ሰውዬው የሄዱበት ሳምንት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ የሚያውቅ የለም። ድንኳኑ እርጥቡን ተጠቅልሎ ሻግቷል። ሥራው ላይ የነበረው ጡሩምባ ነፊው ብቻ ነበር። አንዲት እናት "ልጄ፣ ዳኛችንን ወሰዳችሁ፤ እኛስ ማን አለን?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አሁን ሰው የምንወስደው ምክትሉ ዓመት ሙሉ ስብሰባ መርቶ፣ ሒሳብ ዘግቶ ካየነው በኋላ ነው። ያዘገየናል፤ ያዘግየን።

ሁሉን ነገር ደብረ ብርሃን ላይ መከመርም አለ። ከተማው ይመቻል፤ ባንኩም አዳራሹም እዚያው ነው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው። ግን የመርሐቤቴ ሰው የጀማን ሸለቆ መሻገር አለበት። የሸዋ ሮቢቱ ደግሞ ከቆላ ተነስቶ ጣርማበርን ወጥቶ፣ በስስ ነጠላ እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል። ሦስተኛ ስብሰባ ላይ ማን ብቻ ተገኘ? የከተማው ሰው። እኛ አሁን ስብሰባውን እናዞራለን። ቤቱን የሰጠ ወረዳ የዕለቱን ስብሰባ ይመራል፤ ስንት አፍ የሌለው የመሰለን ሰው እዚያ ላይ ተናገረ መሰላችሁ።

ቀን ሳያጣሩ መጥራት። ኅዳር ላይ ገበሬ አጨዳ ላይ ነው። ሚካኤልን ወይም ማርያምን ከጠበቃችሁ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል። ቀወትና ኤፍራታ ስትሄዱ ደግሞ አርብ ጁምዓ መሆኑን አትርሱ።

የኤንጂኦ ደንብ መገልበጥ ሌላው ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም። ታዲያ ሽማግሌውን በ"ቦርድ" እና በ"ዳይሬክተር" ማደናገር ማን አስገደደን? አገሩ እኮ የራሱ ነገር ነበረው። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የደጋ ሳር ምድር ለዘመናት ቀሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ተጠቃሚው የሥርዓቱን አለቃ፣ አባ ቀራውን፣ ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ሳሩ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ እኩል ይገባ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ በኋላ መልኩን ለውጦ ጥበቃውን ቀጥሏል። አሠልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ ጓሳን የሚያውቁ አዛውንት ይናገሩ እላለሁ። ፓወር ፖይንቱ ይደርሳል።

ሴቶችን ቡና ላይ ማስቀረትን ብዙ አልልበትም። የብዙ ዕድር መዝገብ በእነሱ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን ጀበናው ሥር እናገኛቸዋለን።

መጨረሻ፣ ማህተሙን ለአንድ ሰው መስጠት። ሰብሳቢያችን ታመው አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዱ። ማህተሙ ሳጥናቸው ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ። ቤት የተቃጠለበት አባል ደብዳቤ ፈልጎ ሁለት ሳምንት ተመላለሰ። እኛም ሳጥኑን ከበን "እንስበረው? አንስበረው?" ስንል ከረምን። አሁን ሳጥኑ ገንዘብ ያዧ ቤት ነው፤ ቁልፉ ጸሐፊው ዘንድ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሲኮራረፉ ግን ያው ችግር ነው።