የሐረማያን ሐይቅ በራዳር ሳተላይት እንዴት መከታተል ይቻላል?

የሐረር የቧንቧ ውሃ ድሮ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደረቀና ከተማዋ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ሄደች። አሁን ውሃው ተመልሷል። እንደገና ሳናየው እንዳያመልጠን በየጊዜው መከታተል አለብን ባይ ነኝ። ለዚህ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ይበቃል።

ለምን ራዳር? ሐይቁ የሚሞላው በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ተራው የሳተላይት ፎቶ ብዙ ጊዜ ደመና ብቻ ነው የሚያሳየው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ስለሚለካ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። የአርክቲክን የባሕር በረዶ የሚከታተሉ ባለሙያዎችም የሚተማመኑበት በዚሁ ነው፤ እዚያ በብርዱ ወቅት፣ በታኅሣሥ አካባቢ፣ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ አትወጣም።

መጀመሪያ ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለውን ነፃ ድረ ገጽ ክፈቱና ሐረማያን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ። ከዚያ ሴንቲኔል 1 የሚለውን የራዳር ሳተላይት፣ ቀጥሎ ቪቪ የሚለውን ምስል ምረጡ። ማህደሩ ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይጀምራል።

አሁን ዋናው ሥራ ማንበቡ ነው። የረጋ ውሃ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቀው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ግድግዳ ግን ሞገዱን መልሶ ስለሚልከው ሐረር ከተማ ደምቃ ትታያለች። ታዲያ ጥቁር ሁሉ ውሃ እንዳይመስላችሁ! ከቁንዱዶ ዓይነት ተራራ ጀርባ የሚወድቀው የራዳር ጥላም ጥቁር ነው። ለጥ ያለ ባዶ መሬትም እንደዚያው ሊጠቁር ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ የተራራ ጥላ በየምስሉ እዚያው ይቆያል፣ የሐይቁ ዳር ግን ከወቅት ወቅት ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ሁልጊዜ ሳተላይቱ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍ የተነሱትን ምስሎች ብቻ አወዳድሩ፤ አሴንዲንግን (ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲያልፍ) ከአሴንዲንግ፣ ዲሴንዲንግን (ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፍ) ከዲሴንዲንግ።

ነፋስም ያሳስታል። ውሃው ሲናወጥ ፊቱ ስለሚሻክር ይነጣል፣ ሐይቁም የጠፋ ይመስላል። በባሕር በረዶ ሥራም አንዱ ትልቅ ራስ ምታት ይኸው ነው፤ ነፋስ የመታው ውሃና በረዶ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን ምስል ብቻ አትፍረዱ። ከፊትና ከኋላው ያሉትን እዩ፤ ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ከተገኘም ተራ ፎቶ ከሚያነሳው ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሩ።

ከዚያ በመለኪያ መሣሪያው የጥቁሩን ዳር ተከትላችሁ ክበቡት። ስፋቱን በካሬ ኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። ከነቀኑ መዝግቡት። መስከረምን ከመስከረም፣ የካቲትን ከየካቲት አወዳድሩ እንጂ ክረምትን ከበጋ አታደባልቁ።

አንድ ነገር ግን ራዳሩ አይነግራችሁም፤ ጥልቀቱን። ደለል የሞላው ሐይቅ ሰፊ ሆኖ ውሃው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጥልቀቱን ለማወቅ ቦታው ድረስ ሄዶ በገመድ መለካት ወይም በሐይቁ ዳር በሞተር ውሃ የሚስቡትን ገበሬዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።