ዓመት የተጻፈበት ሻምፓኝ፦ አቀማመጡና አቀማመሱ

ፓሪስ ሳለሁ በፈረንጆቹ 2008 በተለቀመ ወይን ብቻ የተሠራ፣ ዓመቱም የተጻፈበት ሻምፓኝ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱን ወዲያው ከፈትኩት። ጣዕሙ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ነበር። ሌላውን ምድር ቤት አስቀመጥኩት። ከዓመታት በኋላ ስከፍተው ሌላ መጠጥ ሆኖ ጠበቀኝ፦ የተጠበሰ ዳቦ፣ ማር፣ የተቆላ ለውዝ። አረፋው ለስለስ ብሏል። ያን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ለማቆየት ጨለማ፣ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ የሚሆን ቦታ ፈልጉ። ኩሽና ውስጥ በጭራሽ! ሙቀትና ብርሃን ይገድሉታል።

ስትከፍቱ ቡሹን ጨብጣችሁ ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የውስጡ ግፊት ከመኪና ጎማ እጥፍ ይበልጣል። ቀጭኑን ረጅም ብርጭቆ ተዉት፤ ሽታውን ያፍነዋል። ሆዱ ሰፋ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ከፍሪጅ እንደወጣ አትጠጡት፣ ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ አሽትቱት።