ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲከፈት፦ ጣና ዳር ለሚቀርጹ ወጣቶች ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ወጣት ፊልም ሠሪዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲያሳዩኝ፣ ልብ አንጠልጣይ ተብሎ የቀረበው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በአንድ ዓይነት ምስል ነው፤ ድሮን ከሐይቁ ዳር ይነሣል፣ ጣና በማለዳ ፀሐይ ያንጸባርቃል፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከላይ ይታያል፣ አስፈሪ ሙዚቃ ይጀምርና የፊልሙ ርእስ ብቅ ይላል። ምስሉ ያለ ጥርጥር ውብ ነው፤ ከተማችንን ለማስተዋወቅ የተሠራ ቢሆን ኖሮ አመሰግነው ነበር። ለምስጢር ግን ከዚህ የከፋ አከፋፈት አላውቅም፤ ደጋግሜ ብናገርም ሰሚ ስላጣሁ፣ ከሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ አስቀድሜ በዝርዝር ላስረዳው።

ምስጢር የሚወለደው ተመልካቹ ማየት የሚችለው ነገር ሲወሰንበት ነው። አንድ ሰው ደንገል መካከል ቆሞ ወደ ውኃው ሲመለከት ካሜራው እርሱ ከሚያየው አልፎ ካላሳየ፣ ተመልካቹ ከደንገሉ ወዲያ ማን እንዳለ ለማወቅ ይጓጓል። ድሮኑ ግን ዳርቻውን፣ መንገዱን፣ ጀልባዎቹንና ደንገሉን በአንድ ጊዜ ገልጦ ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ያ ምስል የማንም ሰው ዕይታ አይደለም፤ የሚፈራ፣ የሚጠብቅ ወይም የሚከታተል ዓይን የለበትም። የከተማችን ተመልካች ደግሞ ታሪኩን ትቶ የሰፈሩን ጣሪያ መፈለግ ይጀምራል፤ ሰዎች በማሳያ አዳራሽ ውስጥ «ያውና የእኛ ቤት» እያሉ ሲጠቋቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ ካሜራውን ወደ ታች አውርዱት። የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማይል፣ በታንኳው ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ የቆመ ካሜራ የሚያየው ጥቂት ውኃና እንደ ግድግዳ የቆመ ደንገል ብቻ ነው። ድሮኑ የግድ ካስፈለገም አንድ ሰው መጥፋቱን ተመልካቹ ካወቀ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ውኃ «የት ተብሎ ይፈለጋል?» የሚያሰኝ ስፋት ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት ጨለማን ከምስጢር ጋር ማምታታት ነው። ብርሃን ሳያዘጋጁ በሌሊት መቅረጽ ወይም የተቀረጸውን በኤዲቲንግ ጊዜ ማጥቆር ምስሉን ያበላሸዋል እንጂ ምስጢራዊ አያደርገውም፤ ሰው ዛሬ ፊልም የሚያየው በአመዛኙ በስልኩ ስለሆነ፣ ቀን ታክሲ ውስጥ ሲከፍተው በጠቆረው ስክሪን ላይ የሚታየው የራሱ ፊት ነው። ተመልካቹ ማየት ያለበትን አንድ ነገር በግልጽ አብሩለትና የቀረው ይጨልም፤ ፋኖሱ እጁን አሳይቶ ፊቱን ካላሳየ ጥያቄው ተነሥቷል ማለት ነው። በምሽት ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰው ከጣና ብዙ ያገኛል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውኃው የሰማዩን ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ፣ ከውኃው ፊት የቆመ ሰው ማንነቱ ሳይለይ ቅርጹ ብቻ ይታያል። ነገር ግን አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ድንግዝግዙ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ተዋናዩም ካሜራማኑም ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በፊት ልምምዳቸውን ጨርሰው ቦታቸውን መያዝ አለባቸው።

ሙዚቃን ከመጀመሪያው ሰከንድ መጫን ደግሞ ለተመልካቹ የሚፈራው ነገር ሳይሰጡት ፍራ ብሎ ማዘዝ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው «ተች ኦቭ ኢቭል» መክፈቻ ላይ መኪና ውስጥ ቦምብ ሲጠመድ ያሳየንና፣ ካሜራው ሳይቆረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ መኪናውን ይከተላል። ስቱዲዮው በትዕይንቱ ላይ የባለሙያዎችን ስም ዝርዝርና ማጀቢያ ሙዚቃ ጫነበት፤ ዌልስ ግን ድምፁ በመንገዱ ዳር ካሉት ጭፈራ ቤቶችና ከመኪናው ራዲዮ እንዲመጣ ይፈልግ ስለነበር፣ እርሱ በጻፈው ረጅም ማስታወሻ መሠረት ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደገና ሲቀናበር ስሞቹ ተነሥተው የመንገዱ ድምፅ ገባበት። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላችሁ ተመልከቱ፤ በኋለኛው ቅጂ ራዲዮው ሲርቅና ሲቀርብ ቦምቡ የት እንዳለ በጆሮአችሁ ትከታተላላችሁ። የእኛ ሐይቅ ደግሞ በድምፅ ሀብታም ነው፤ ድንገት የሚጠፋ የጀልባ ሞተር፣ የደንገል መፋተግ፣ በሌሊት ከዓባይ መውጫ አካባቢ የሚሰማ የጉማሬ ድምፅ፣ ምንጩ ሳይታይ ሲሰማ ከየትኛውም ቫዮሊን የበለጠ ይሠራል። የሐይቁ ነፋስ ቀረጻውን እንዳያበላሸው ማይክሮፎኑን መሸፈን አትርሱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጥሩ ታሪክ በሾት (ሳይቆረጥ በተቀረጸ አንድ ምስል) ቅደም ተከተል ሲባክን ነው። አንድ ተማሪ፣ ወንድሟን ከዘጌ በሚመጣው ጀልባ ስለምትጠብቅ ልጅ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ጀልባው ይደርሳል፣ ወንድሟ ግን አይወርድም። የእርሱ አቀነባበር የሚጀምረው ወንድሟ በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ሲጣላ፣ የሰውየውም ፊት በቅርበት ሲታይ ነበር፤ ስለዚህ እህትየው መጨነቅ ስትጀምር ተመልካቹ ቀድሟት ያወቀውን እስክትደርስበት በትዕግሥት ይጠብቃታል። ተመልካች ከገጸ ባሕሪዋ የበለጠ ሲያውቅ ሥጋት ይፈጠራል፣ ያነሰ ሲያውቅ ምስጢር ይፈጠራል። የዌልስ ቦምብ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሥጋት የሚሠራው ቦምቡ ገና ሊፈነዳ ሲል ነው፣ ይህ ተማሪ ግን ያሳየን አስቀድሞ ያለቀ ነገር ነበር። የጫካውን ሾቶች አወጣንና ልጅቷ በስልኳ የወንድሟን ፎቶግራፍ፣ አረንጓዴ ቦርሳ አንግቶ የተነሣውን፣ ስትመለከት ጀመርን። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ እርሷም እያንዳንዱን ፊት ትመረምራለች። ከተጣሉት ሾቶች መካከል ጀልባ ነጂው ልጅቷ ስትቀርበው ጎንበስ ብሎ አስቀድሞ ያሰረውን ገመድ እንደገና ሲያስር የሚያሳይ አገኘን፤ ከኋላው መቀመጫው ሥር በፎከስ ያልተያዘ አረንጓዴ ነገር አለ። ተማሪው ይህን ሾት የጣለው ተዋናዩ የሚናገረውን በመርሳቱ ነበር። እኛ የትዕይንቱ መዝጊያ አደረግነው፤ አንድ ቃል አላስፈለገውም።

ካሜራ ማንቀጥቀጥ ውጥረት አይፈጥርም። በሕልም መጀመርን ተዉት። ወንድምና እህት «ታውቂያለሽ፣ አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው» እንዲባባሉ አታድርጉ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ለእኛ ሲሉ የሚናገሩ ሰዎች አይታመኑም።

ከደንገል ጀርባ ተደብቆ የሚመለከት የሚመስል ካሜራ ዕዳ አለበት። በዚያ ቦታ አንድ ሰው እንደነበረ ፊልሙ ኋላ ካላረጋገጠ ተመልካቹ መታለሉን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የምታሳዩትን ፍንጭ ሁሉ ይጠራጠራል። ረጅም ሌንስ፣ በፊት ለፊት የሚያልፍ ቅጠል፣ ለአፍታ ቆሞ የሚንቀሳቀስ ፍሬም፣ እነዚህ ሁሉ «የሚያይ አለ» ይላሉና የሚያየውን ሰው አስቀድማችሁ ወስኑ።

የቦታውን እውነት መጣስም ምስጢሩን ያፈርሰዋል። ወጣት ሴት በሌሊት በክብራን ገብርኤል ቅጥር ግቢ ውስጥ ስትሮጥ የሚጀምር ስክሪፕት አንብቤያለሁ፤ ሴቶች ወደዚያ ገዳም እንደማይገቡ የማያውቅ የጣና ዳር ሰው ስለሌለ፣ ተመልካቹ ከምን እንደምትሸሽ ሳይሆን እንዴት እንደገባች ይጠይቃል። ክልከላውን ራሱን የታሪኩ ጉዳይ ካላደረጋችሁት ትዕይንቱን ወደ ሌላ ስፍራ አዛውሩት። አባቶችንም በጥላ ውስጥ እያሳዩ ማስፈራሪያ ማድረግ የድካም ምልክት ነው፤ አክብራችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ካልተፈቀደም ሌላ ቦታ ፈልጉ።

መክፈቻው የተሳካላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ትዕይንት ይሳሳታሉ። በዚያው ተማሪ ፊልም ላይ ቀጥሎ የሚመጣው በጣቢያ ውስጥ መርማሪው የጠፋውን ልጅ ታሪክ ከጠብ እስከ ዕዳ ሲተርክ ነበር። እርሱን ወደ ኋላ ገፍተን በቦታው እህትየው ጀልባ ነጂውን «ወንድሜ የት ወረደ?» ብላ የምትጠይቅበትን አጭር ትዕይንት አስገባን። እርሱም «አልተሳፈረም እኮ፣ እህቴ» ይላታል፤ ተመልካቹ ግን ቦርሳውን ጀልባው ውስጥ አይቷል። መልስ ተሰጥቶ ጥያቄው ስለከበደ፣ ተማሪው የመርማሪውን ትረካ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሊያወጣው ችሏል።